ከ20 ዩዋኑ ጀርባ ያለው ወንዝ

ባለፈው እትም «ለሥራ፣ ለትምህርት ወይም ለሕክምና እስያ ስትሄዱ ምን ማየት ትፈልጋላችሁ?» ብዬ ጠይቄ ነበር። ጥያቄው ጎርፍ ሆነብኝ። አራቱን መርጫለሁ።

ለአዲስ አንባቢ አንድ ቃል። አስጎብኚ አይደለሁም። ሀዋሳ ፒያሳ የልብስ ሱቅ አለኝ፤ ለዕቃ ብዬ ጓንዡ፣ ዴልሂና ባንኮክ ዓመታት ተመላልሻለሁ። በመጀመሪያዎቹ ሰባት ጉዞዎቼ ከገበያና ከሆቴል ሌላ ያየሁት የለም። ሰው «ቻይና እንዴት ነው?» ሲለኝ የጅንስ ዋጋ ነበር የምነግረው። ይህን ዓምድ የሚያስጽፈኝ ያ ቁጭት ነው።

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ለመጀመሪያ ጊዜ ጓንዡ ልሄድ ነው፣ ልብስና ጫማ ለመግዛት። 9 ቀን አለኝ። ሁለቱን ቀን ለጉብኝት አስቤያለሁ። ታላቁን የቻይና ግንብ አይቼ መመለስ እችላለሁ?» (ከአቶቴ)

ተወው ወንድሜ። ግንቡ ያለው ቤጂንግ በኩል ነው። ከጓንዡ ቤጂንግ በባቡር ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በፈጣኑ ባቡር እንኳ ከ7 ሰዓት በላይ ትቀመጣለህ። አንዱን ቀን ለመሄጃ፣ አንዱን ለመመለሻ። ግንቡን መቼ ልታየው ነው?

ይልቅ 20 ዩዋን እጅህ ሲገባ ገልብጠህ እየው። አሁን ሰዉ ሁሉ በስልክ ስለሚከፍል ኖቱን ላታገኘው ትችላለህ፤ ሆን ብለህ ፈልገው። ከጀርባው ወንዝ፣ ጀልባ፣ ቀጥ ብለው የቆሙ ተራሮች አሉ። እኔ ያንን ኖት ስንት ዓመት ስቆጥረው አንድም ቀን አላየሁትም። አንድ ቀን ባይማ የልብስ ገበያ ውስጥ ሒሳብ ስንተሳሰብ አስተርጓሚዬ ኖቱን ገለበጠችና «ይሄ የእኛ አገር ነው» አለችኝ። ቀልድ መሰለኝ።

ቀልድ አልነበረም። ሊ ወንዝ ይባላል፤ ጉዊሊን አካባቢ ነው። ኖቱ ላይ ያለው ቦታ ሺንግፒንግ የምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ነው። ከጓንዡ ደቡብ ጣቢያ «ያንግሹዎ» ብለህ ትኬት ቁረጥ፤ እንደ ባቡሩ ሁለት፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ደስ የሚለው ደግሞ ያንግሹዎ የሚባለው ጣቢያ የተሠራው እዚያው ሺንግፒንግ መሆኑ ነው። ያንግሹዎ ከተማ ራሷ ራቅ ትላለች፤ እንዳትደናገር።

እዚያ የቀርከሃ ጀልባ ይሉሃል። አትመን፣ ዛሬ አብዛኛው ወፍራም የፕላስቲክ ቱቦ ነው፣ ሞተርም አለው። ግን ምንም አይደለም። እኛ ፍቅር ሐይቅ ላይ ጉማሬ ፍለጋ እንደምንወጣው ቁጭ ብለህ ትንሳፈፋለህ፤ ተራራው በግራም በቀኝም ይመጣልሃል። ድንጋዩ የኖራ ድንጋይ ነው። የዝናብ ውሃ ለብዙ ሚሊዮን ዓመታት እያሟሟ፣ የቀረው እንዲያ ቆሞ ቀረ። ባሌ ሶፍ ዑመር ዋሻን ካየህ ነገሩ ይገባሃል። እዚያም ድንጋዩ ያው ነው። ወይብ ወንዝ ከውስጥ ፈልፍሎ ዋሻ አደረገው፤ ሊ ወንዝ ላይ ግን ውሃው ውጪውን አጥቦ ግንዱን ተወው።

ጉልበት ካለህ ሺንግፒንግ ጀርባ ላውጃይ የሚባል ኮረብታ አለ። ታቦርን በጠዋት የሚወጣ የሀዋሳ ልጅ አያቅተውም፤ ግን ደረጃው ቀጥ ያለ ነው፣ ዝናብ ሲሆን ያንሸራትታል። ከላይ ወንዙ ሲጠማዘዝ ታያለህ። እኔ ግማሹ ላይ ጉልበቴ እምቢ ብሎኝ ውሃ ከምትሸጥ አሮጊት ጋር ተቀምጬ ቀረሁ። ሳንግባባ ግማሽ ሰዓት አወራን።

ሁለት ማስጠንቀቂያ። አንደኛ፣ ፓስፖርትህን ያዝ፤ ኮፒ ወይም የስልክ ፎቶ አይሠራም። እኔ መጀመሪያ ልሄድ ስነሳ ፓስፖርቴን ዕቃ የሚያስጭንልኝ ወኪል ጋ ትቼ ጣቢያው በር ላይ ተመልሻለሁ። ጥፋቱ የራሴ ነው፤ አንድ ቀኔንና የትኬቴን ገንዘብ በላሁት። ሁለተኛ፣ ከመስከረም 21 ጀምሮ ባለው ሳምንት አትሂድ። የቻይና ብሔራዊ በዓል ነው፤ ሕዝቡ ሁሉ መንገድ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ እስከ ኅዳር ያለው ግን ምርጡ ጊዜ ነው። ሚያዝያ፣ ግንቦትና ሰኔ ዝናብ ይበዛል።

የጉብኝቱን ቀን ደግሞ መጨረሻ ላይ አታድርገው። ዕቃ ሁልጊዜ ይዘገያል፤ የተረፈ ቀን ካለ ዕቃው ይበላዋል። መሃል ላይ፣ ያዘዝከው እስኪደርስ፣ ስረቀው።

«ዴልሂ ማስተርስ ልጀምር ነው። በታኅሣሥ እረፍት ሁለት ጓደኛሞች ታጅ ማሃል ልንሄድ አስበናል። ምን ትመክሪናለሽ?» (ከመናኸሪያ ሰፈር)

ዓርብ እንዳትሄዱ! ዓርብ ዝግ ነው። ዓርብ ለጁምዓ ሶላት የሚገቡት የአካባቢው ምእመናን ብቻ ናቸው።

እኔ የሄድኩት ዓርብ ነው። ከዴልሂ ታጅ ማሃል ወዳለበት አግራ በ1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ የሚያደርስ ጋቲማን የሚባል ፈጣን ባቡር አለ። ትኬት ስፈልግ ዓርብ እንደማይሄድ ተነገረኝ። ባቡሩ ዓርብ የማይሄደው ለምን እንደሆነ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅሁም! መኪና ተከራየሁ። ባለመኪናው እያወቀ ዝም ብሎ ሒሳቡን ተቀበለኝ። በሩ ላይ ደርሼ የተዘጋ ብረት አየሁ። የፆም ቀን ነው፣ ርቦኛል፣ ማልቀስ ቀረኝ።

ሰው ግን ከጥፋቱም ያገኛል። አንድ የኦቶ ሹፌር አዘነልኝና ያሙና ወንዝን አሻግሮ መህታብ ባግ የሚባል የአትክልት ስፍራ ወሰደኝ። (ኦቶ ማለት የእኛው ባጃጅ ነው። እዚያ «ባጃጅ!» ብዬ ስጣራ ማንም አልቆመልኝም።) ከዚያ ማዶ ሆኜ ታጅን ከጀርባው አየሁት። ግፊያ የለም፣ ወረፋ የለም። ወንዙ ዳር ጎሽ ይግጣል። ነጩ እብነ በረድ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መጀመሪያ ቅቤ፣ ቀጥሎ ፈዛዛ ሮዝ መሰለኝ። በሌላ ጊዜ በበሩ ገብቼ አይቼዋለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ የማስታውሰው የዓርቡን ነው።

ታሪኩን ታውቁት ይሆናል። ሙምታዝ ማሃል እ.ኤ.አ. በ1631 14ኛ ልጇን ስትወልድ ሞተች። ባሏ ንጉሥ ሻህ ጃሃን መቃብሯን እንዲህ አድርጎ አሠራው። ኋላ የገዛ ልጁ አውራንግዜብ ሥልጣኑን ቀምቶ አግራ ምሽግ ውስጥ አሰረው። ሲሞት እሷ አጠገብ ተቀበረ። ውስጥ ስትገቡ ልብ በሉ፤ ሁሉም ነገር ግራና ቀኙ እኩል ነው። የሷ መቃብር ትክክል መሃል ላይ ነው። የሱ ብቻ ወደ ጎን ወጥቷል። ሲታነጽ ለሱ ቦታ አልታሰበም ነበር ማለት ነው።

ታኅሣሥ ላይ ጉም አለ። ጠዋት ሕንፃው ጭራሽ ሊጠፋባችሁ ይችላል፤ ጉሙ እስኪገለጥ ጠብቁ ወይም ከሰዓት ግቡ። ምግብ ይዛችሁ አትገቡም። አግራ ምሽግን አትዝለሉ፤ እሱ ዓርብም ክፍት ነው። ደግሞ ከአገር ስትወጡ የቢጫ ወባ ክትባት ካርዳችሁን ያዙ። ሕንድ ከኛ አገር ለሚገባ ሰው አጥብቃ ትጠይቃለች። ክትባቱ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን በፊት መወሰድ አለበት። ኤርፖርት ላይ ያለ ካርድ መቆምን አልመኝላችሁም።

«እናቴን ለሕክምና ባንኮክ ልወስዳት ነው። ሐኪሟ ቀስ ብላ መራመድ ትችላለች ብሏል። ፆመኛ ናት። ሆቴል ውስጥ ከምትቆዝም ወዴት ልውሰዳት?» (ከታቦር)

እግዚአብሔር ይማርልሽ እህቴ።

ታላቁን ቤተ መንግሥት አትሞክሪው። ሙቀቱና ግፊያው ጤነኛውንም ይጥላል። ሉምፒኒ ፓርክ ውሰጃት። መግቢያ አይከፈልም፣ ጥላ አለ፣ ወንበር አለ፣ ሐይቅ አለ። ሐይቁ ዳር ሰው የሚያህል አርጃኖ እየተጎተተ ይወጣል። አትደንግጡ፣ ካልነካችሁት አይነካችሁም። አሞራ ገደል ዓሣ ገዝታ ከአባ ኮዳ ጋር የተጋፋች ሴት ለአርጃኖ ቦታ አትሰጥም።

ጠዋት 2 ሰዓትና ማታ 12 ሰዓት ላይ የአገሪቱ መዝሙር በድምፅ ማጉያ ይለቀቃል። የሚሮጠውም፣ የሚጫወተውም ባለበት ይቆማል። እናንተም ቁሙ። እናትሽ የትምህርት ቤት ሰንደቅ ዓላማ ትዝ ይላታል።

በርትታ ከተገኘች ቻው ፕራያ ወንዝ ላይ በሕዝብ ጀልባ ተንሸራሸሩ። ርካሽ ነው፣ ነፋስ አለው። ቤተ መቅደስ መግባት ካልከበዳት ዋት ፖ ላይ 46 ሜትር የሚረዝም የተጋደመ የቡድሃ ሐውልት አለ። ጫማ ይወለቃል፣ ትከሻ ይሸፈናል። ነጠላዋ እዚያ ይጠቅማታል። ካልፈለገች አትጫኛት፤ ከወንዙ ላይ ሆና ጣሪያውን ማየትም ይበቃል።

መንገድ ላይ አንድ ቱክቱክ ያለው ሰው «ዛሬ ዝግ ነው፣ ሌላ ቦታ ልውሰዳችሁ» ይላችኋል። የሚወስዳችሁ ጌጣጌጥ መደብር ነው። እውነት ዝግ በሆነ ቀን ተጉዤ የማውቅ ሰው ስለሆንኩ እኔ አምኜው ነበር! በሩ ድረስ ሄዳችሁ ራሳችሁ እዩ።

ፆሙን በተመለከተ፣ «አትክልት» ማለት ብቻ አይበቃም። ታይላንዶች ጎመኑ ላይም የዓሣ ሶስ ይጨምራሉ። «ጄ» በይ። ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላልና ወተት የሌለበት ማለት ነው። ቢጫ ላይ በቀይ የተጻፈ ምልክት ያላቸው ምግብ ቤቶች አሉ። ጉዱ፣ ጄ ነጭ ሽንኩርትም የለውም። እናትሽ በሶስተኛው ቀን በርበሬ ትጠይቅሻለችና ሻንጣ ውስጥ ቋጥረሽ ሂጂ።

«ፉጂ ተራራን መውጣት ሕልሜ ነው። ይከብዳል?» (ከፒያሳ)

ጃፓን አልሄድኩም፤ ስለዚህ አጭር ነኝ። ፉጂ 3,776 ሜትር ነው። መውጫው ወቅት ከሰኔ መጨረሻ እስከ ነሐሴ መጨረሻ አካባቢ ብቻ ነው። ከፍታው ብቻ ከሆነ የሚያጓጓህ፣ ባሌ ሳነቴ ላይ በመኪና ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ትደርሳለህ።

እኔ ቶኪዮ ብሄድ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው ቾፉ ወዴት እንደሆነ ነው። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. አበበ ቢቂላ ትርፍ አንጀቱን ከተቀደደ ሳምንታት በኋላ ማራቶኑን የሮጠበት መንገድ እስከዚያ ሄዶ ነው የሚዞረው። በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ጨርሶ ሌሎቹ እስኪመጡ ሣሩ ላይ ሰውነቱን ያፍታታ ጀመር። ከደረስክ መዞሪያው ላይ ቆመህ ፎቶ ላክልኝ፤ ሱቄ ግድግዳ ላይ ቦታ አለኝ።