እናትሽን ከሥራ አትከልክሏቸው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። እናትሽ የጡት ካንሰር ኦፕራሲዮን ተደርጎላቸው፣ ኬሞውንም ጨርሰው ቤት ገብተዋል። እናንተም አንዲት ዕቃ አታስነኳቸውም። ግን ድካሙ አልለቀቃቸውም፤ ኦፕራሲዮን በተደረጉበት በኩል ክንዳቸው ማበጥ ጀምሯል፤ ሰው ማየትም ጠልተዋል። «ምን እናድርግላቸው?» ነው ያልሽው። እኔም በዚሁ ሕመም ያለፍኩ ነኝና የማውቀውን ልንገርሽ።

ክንዱ ጊዜ ስለማይሰጥ ከእሱ ልጀምር። በኦፕራሲዮኑ ጊዜ ከብብት ሥር ያሉ የሊምፍ ዕጢዎች ከወጡ፣ ከክንድ የሚመለሰው ፈሳሽ መሄጃ ሊያጣ ይችላል። እዚያው ይጠራቀምና ክንዱ ያብጣል፣ ይከብዳል። ሊምፌዴማ ይሉታል። የጨረር ሕክምናም ሊያመጣው ይችላል። ገና ሲጀምር ከተያዘ መቆጣጠር ይቻላል። ከቆየና ከጠጠረ ግን ያስቸግራል። ስለዚህ ቀጠሮ እስኪደርስ አትጠብቁ። ሐኪማቸው ጋ ውሰጃቸውና እብጠቱ ከምን እንደመጣ ይታይ። ወደ ፊዚዮቴራፒ፣ ማለትም ወደ እንቅስቃሴ ሕክምና፣ እንዲልኳቸውም አንቺው ጠይቂ፤ ወረፋው ብዙ ነው፣ ካልጠየቁ ይታለፋል። ክንዱ ከቀላ፣ ካተኮሰ ወይም ትኩሳት ከመጣ ግን በዚያው ቀን ሐኪም ቤት መሄድ አለባቸው፤ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል።

አደራሽን፣ ወጌሻ ጋ ወስዳችሁ እንዳታሳሿቸው። ለዚህ እብጠት የሚደረገው እሽት ቆዳን በስሱ ብቻ የሚነካ ነው፤ የሠለጠነ ሰው ነው የሚሠራው። በፋሻ ጥብቅ አድርጎ ማሰርም ይጎዳል።

ሰፈር ሁሉ «ክንድሽን እንዳታነሺው» ይላል። ይህ ምክር ከፍቅር ቢመጣም ልክ አይደለም። ያልተንቀሳቀሰ ትከሻ ይደርቃል። የእኔ ፊዚዮቴራፒስት ግድግዳ ፊት አቁማ በጣቶቼ ቀስ እያልኩ ወደ ላይ እንድወጣ ታደርገኝ ነበር። ቤት ስገባ የደረስኩበትን በጠመኔ አሰምራለሁ። ነጠላዬን ማንም ሳያግዘኝ ትከሻዬ ላይ የጣልኩ ቀን የተሰማኝን ደስታ ልነግርሽ አልችልም። ሸክምም ቢሆን ለዘላለም ክልክል አይደለም፤ ከቀላል ተጀምሮ ቀስ በቀስ ይጨመራል። በአንዴ 20 ሊትር ጀሪካን ማንሳት ግን አይሆንም።

በዚያ እጅ ላይ ቁስል እንዳይወጣ ተጠንቀቁ። የቢላ ጭረት፣ የምጣድ ቃጠሎ ለኢንፌክሽን በር ይከፍታል። እንጀራ መጋገሩ ወደ መጨረሻ ይቆይላቸው።

ድካሙን በተመለከተ፣ የካንሰር ድካም እንቅልፍ የሚያወጣው ዓይነት አይደለም። ሐኪም ጋ ስትሄዱ ደም ማነስ እንዳለ ይታይ። ከዚያ በኋላ መድኃኒቱ እግር ነው። ባለሙያዎች የሚመክሩት በሳምንት 3 ጊዜ፣ በየጊዜው 30 ደቂቃ ያህል ፈጠን ያለ እርምጃ ነው። ለእናትሽ ዛሬ ይህ ይበዛባቸዋል። እስከ ግቢው በር ይጀምሩ፣ ከዚያ እስከ ሱቅ፣ ከዚያ እስከ ቤተ ክርስቲያን።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። እናትሽ ቤት ሲያስተዳድሩ የኖሩ ሴት ናቸው። ሥራውን ሁሉ ስትቀበሏቸው በገዛ ቤታቸው እንግዳ ሆኑ። ተቀምጠው የሚሠሩት ነገር መልሱላቸው። ምስር ይልቀሙ፤ ቡናውን እሳቸው ይቅዱ። «ወጡ ጨው ይበቃዋል?» ብላችሁ ጠይቋቸው። የደከሙ ቀን ያርፋሉ፣ በማግስቱ ይቀጥላሉ። እኔን ከአልጋ ያነሳኝ ይኼ ነው፣ በሙሉ ልቤ የምነግርሽ።

ሰው መጥላታቸው አይግረምሽ። አንዳንዱ ጠያቂ አልቅሶ ይሄዳል። አንዳንዱ በዚሁ በሽታ ስለሞተችው ዘመዱ አውርቶ ይሄዳል። እንዲህ ያለውን በር ላይ በትሕትና መመለስ ነውር አይደለም። በምትኩ አንዲት የሚወዷት ጎረቤት በሳምንት ሁለት ቀን መጥታ አብራቸው ትራመድ። የእኛ እድር ሴቶች ተራ ይዘው ሐኪም ቤት ይሸኙኝ ነበር። እድር ለለቅሶ ብቻ መሆን የለበትም፤ የእናንተንም ጠይቂ።

ሌላም ልበልሽ። ከቤት መውጣት የሚጠሉት ደረታቸው ስለጎደለባቸው ሊሆን ይችላል። ቁስሉ በደንብ ከሻረ በኋላ፣ ከለስላሳ ጨርቅና ከጥጥ ልክ አድርጎ ሰፍቶ ጡት መያዣው ውስጥ ማስገባት ይቻላል። ይህን ልታነሺላቸው የምትችይው አንቺ ልጃቸው ነሽ።

ጸበል መሄድ ከፈለጉ ይሂዱ፤ እኔም ሄጃለሁ። የታዘዘላቸውን እንክብል ግን አያቋርጡ። ካንሰሩ እንዳይመለስ የሚሰጠው ታሞክሲፈን ከሆነ ቢያንስ 5 ዓመት የሚወሰድ ነው። ጾሙን በተመለከተ ከንስሐ አባታቸው ጋር ይነጋገሩበት።

ከክፍለ ሀገር የምትመላለሱ ከሆነ ደግሞ፣ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ለሕክምና አዲስ አበባ ለሚመጡ ታካሚዎች ማረፊያ ይሰጣል። ለረጅም ዓመታት የጨረር ሕክምና ያለው ጥቁር አንበሳ ብቻ ስለነበር፣ በረንዳ ላይ የሚያድር ታካሚ ብዙ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ከሆናችሁና ሕመሙ ከጠናባቸው፣ ሆስፒስ ኢትዮጵያ ቤት ድረስ እየሄደ የሚያስታምም ድርጅት ነው።

ለጊዜው ክንዱን አሳዩ። ፊዚዮቴራፒስቱ ያዘዘላቸውን እንቅስቃሴ እዚሁ ጻፊልኝ፤ እኔ ቤት ውስጥ እንዴት እንደሠራሁት አስረዳሻለሁ።