ቁጥር የተሰካበት ዓሣ መረቤ ገባ፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ ግልገል ጊቤ ላይ ዓሣ አጠምዳለሁ፤ የማስረክበው ለጅማ ገበያ ነው። በቀደም ጀርባው ላይ ቁጥር ያለው ፕላስቲክ የተሰካበት ቆሮሶ ያዝኩ። ጓደኞቼ «ጣለው፤ ብዙ ያጠምዳሉ ብለው ሊከለክሉን ነው» አሉኝ። እውነት ነው?
(አጥማጁ፣ ከጅማ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ እባክህ አትጣለው። ዓሣውን ሽጠው፤ ፕላስቲኩን ግን ነቅለህ አስቀምጥ። የያዝክበትን ቀንና ቦታ፣ የዓሣውንም ርዝመት ጽፈህ ምልክቱን ለሰኩት አጥኚዎች አድርስ።

ዓሣ እንደ ከብት በረት ገብቶ አይቆጠርም። ስለዚህ አጥኚው ጥቂቶቹን ምልክት አድርጎ ይለቃል። መልሶ የሚይዝለት አንተ ነህ።

አምና 100፣ ዘንድሮም 100 ዓሣ ተለቀቀ እንበል። ዘንድሮ ከአምናዎቹ 15፣ ከዘንድሮዎቹ 30 ተያዙ። መረቡ ለሁለቱም እኩል ነውና፣ ከአምናዎቹ እስከ ዘንድሮ የተረፉት ግማሽ ያህል ናቸው ማለት ነው። 50 ጠፉ። ከነዚህ ውስጥ አምና 30ዎቹ በአጥማጅ እጅ ገብተው ከነበረ፣ የቀሩትን 20 በሽታ፣ አሞራ ወይም አምባዛ ወስዷቸዋል።

አሁን እናንተ ግማሹን ምልክት ብትጥሉስ? በአምናው 30 ፈንታ 15 ይመዘገባል። የዘንድሮዎቹ ሁለት ቁጥሮችም እኩል በግማሽ ስለሚቀንሱ፣ የጠፉት 50 መሆናቸው አይለወጥም። ወረቀቱ ላይ አጥማጁ የወሰደው 15፣ በሌላ ምክንያት የሞተው 35 ይሆናል። «አጥማጁ ዓሣውን እምብዛም አይጎዳም፤ መረብ ይጨመር» የሚል ምክር ይመጣል። ለጊዜው ደስ ይላል። ከዚያ መረቡ ባዶውን ይወጣል፤ ያኔ የሚራበው ያንተ ቤት ነው። እኔን የሚያስጨንቀኝ ይሄ ነው።

የክልከላውን ስጋት አልንቀውም። ውጤቱ መጥፎ ከሆነ ገደብ ሊመጣ ይችላል፤ አልዋሽህም። ግን ገደብ ሁሉ አንድ አይደለም። ጣና ላይ ባርበስ የሚባሉት ዓሦች በክረምት ለመራባት እንደ ጉማራ ወዳሉ ወንዞች ይወጣሉ። እዚያ ወንዙ አፍ ላይ መረብ ይጠብቃቸው ነበር። በ10 ዓመት ገደማ ውስጥ ክፉኛ ተመናመኑ። ተመራማሪዎች ዋና ምክንያት ያሉትም ይህንኑ ማጥመድ ነው። ዓሣው መቼና የት እንደሚጎዳ ከታወቀ የጥቂት ወራት፣ የአንድ ቦታ ገደብ ሊበቃ ይችላል። ካልታወቀ ግን ክልከላው በጅምላ ይመጣል።

አንድ ነገር ልጨምር። ቁጥሩን ስታስረክብ ውጤቱን እንዲነግሩህ ጠይቅ፤ በምትሰማው ቋንቋ፣ እዚያው ውሃው ዳር መጥተው። ጥናቱ ያላንተ መረብ አይሆንም ነበርና መብትህ ነው።