የአንባቢያን ጥያቄ፦ ለጓደኛ በሹራብ መርፌ የሚሠራ ኮፍያና ጣቱ ክፍት ጓንት

ጥያቄ፦ ጓደኛዬ መምህርት ናት። ከደብረ ማርቆስ ተዛውራ ጮቄ ሥር፣ ረቡዕ ገበያ ታስተምራለች። ጠመኔ ለመያዝና ደብተር ለማረም እንዲመቻት ጣቱ ክፍት የሆነ ጓንት፣ ከእሱም ጋር የሚሄድ ኮፍያ ልሠራላት አስቤያለሁ። ሳታውቅ ላደርስላት ስለምፈልግ ልለካት አልችልም። ያሉኝ ሁለት ባለ 4 ሚሊሜትር ቀጥ ያሉ መርፌዎች ናቸው። ምን ያህል ክር ልግዛ? ስንት ዐይንስ ልጀምር? (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ መካከለኛ ውፍረት ያለው፣ 100 ግራሙ ወደ 200 ሜትር የሚሆን ክር ይምረጡ። ሁለቱ ዕቃዎች ከ130 እስከ 150 ግራም ስለሚበሉ ባለ 100 ግራም ሁለት ጥቅል ይበቃዎታል። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ይግዙ፤ ወረቀታቸው ላይ ከቀለሙ ቁጥር ሌላ ያለውን የሎት ቁጥርም (አብሮ የተነከረውን ክር የሚለየውን) ያመሳክሩ። ሎቱ ከተለያየ ሱቅ ውስጥ አንድ የመሰለው ቀለም ፀሐይ ላይ ሁለት ይሆናል፤ ኮፍያውና ጓንቱ አብረው ሲለበሱ ደግሞ ወዲያው ያስታውቃል።

ከመጀመርዎ በፊት 30 ዐይን (መርፌው ላይ የሚያዝ የክር ቀለበት) ጀምረው ከ10 ሴንቲሜትር በላይ ሙከራ ይሥሩ፤ መሐሉ ላይ 10 ሴንቲሜትር ለክተው ዐይኖቹን ይቁጠሩ። ከዚህ በታች ያለው ልክ ሁሉ የተሰላው በ10 ሴንቲሜትር 20 ዐይን ነው። የእርስዎ 22 ከሆነ፣ 52 ሴንቲሜትር መሆን የነበረበት ኮፍያ 47 ሆኖ ይወጣና ግንባር ያንቃል። ያን ጊዜ መርፌውን በግማሽ ሚሊሜትር ያወፍሩ። እጅን ለማላላት መሞከር አያዛልቅም፤ ሥራው ሲለመድ እጅ ወደ ጥብቀቱ ይመለሳል።

መጀመሪያ ጓንቱን ይሥሩ። ጓንት ጥንድ ስለሆነ ክር ቢያጥር መፍትሔ የለውም፤ ኮፍያው ግን በሌላ ቀለም መስመር ሊሟላ ይችላል። 38 ዐይን ይጀምሩ፤ ከእነዚህ ሁለቱ ስፌት ውስጥ ይገባሉ። 6 ሴንቲሜትር ሁለት ቀጥ፣ ሁለት ግልብጥ እያሉ ላስቲኩን፣ ማለትም የሚለጠጠውን ጠርዝ፣ ይሥሩ። ቀጥ የምንለው ክሩ ከኋላ ሆኖ የሚሠራውን፣ ግልብጥ የምንለው ክሩ ከፊት ሆኖ የሚሠራውን ዐይን ነው። ከዚያ በፊቱ ረድፍ ቀጥ፣ በጀርባው ግልብጥ እያደረጉ 8 ሴንቲሜትር፣ በመጨረሻም 3 ሴንቲሜትር ላስቲክ ሠርተው በላላ እጅ ይዝጉ። ቁራጩን አጥፈው ጎኑን ከታች 8 ሴንቲሜትር ይስፉ፤ ለአውራ ጣት 5 ይተዉ፤ ቀሪውን 4 ይስፉ። የክፍተቱን ሁለት ጫፎች በተረፈው ክር ሁለት ሁለት ጊዜ ያጥብቋቸው፤ ክፍተቱ መተርተር የሚጀምረው ከእነሱ ነው። ለጮቄ ብርድ ከሆነ ደግሞ በክፍተቱ ዙሪያ በኪሮሽ ሁለት ሦስት ዙር ቢያክሉ የአውራ ጣቷ ሥር አይጋለጥም። ቀዳዳው ስፌቱ ላይ ስለሚያርፍ ግራና ቀኝ የለውም፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት ይሠራሉ።

ኮፍያው በ106 ዐይን ይጀመራል። ሁለቱን መርፌ አንድ ላይ ይዘው ያስጀምሩና አንዱን ይሳቡት፤ ጠርዙ ጠብቆ ኮፍያው «ልኩ ሆኖ አልገባም» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው። 5 ሴንቲሜትር እንደ ጓንቱ ላስቲክ፣ ከዚያ ከጠርዙ 15 ሴንቲሜትር እስኪሞላ ድረስ ሜዳውን፣ ማለትም በፊቱ ረድፍ ቀጥ በጀርባው ግልብጥ የሚሠራውን፣ ይቀጥሉ። የላስቲኩ ረድፍ በሁለት ቀጥ ጀምሮ በሁለት ቀጥ ስለሚያልቅ፣ ከየጫፉ አንድ አንድ ዐይን ወደ ስፌቱ ሲገባ የቀሩት ሁለቱ ይጋጠማሉ፤ መስመሩ አይቋረጥም። 104 ብለው ቢጀምሩ ግን ስፌቱ ፊት ለፊት ይታያል።

አናቱ ላይ ለስፌት የተያዘውን 1 ዐይን ሠርተው፣ 11 ቀጥ ከዚያም 2 አንድ ላይ እያሉ 8 ጊዜ ይድገሙ፤ በ1 ዐይን ይጨርሱ። 98 ይቀራል። የጀርባውን ረድፍ ሳይቀንሱ ግልብጥ ይሥሩ። በሚቀጥለው የፊት ረድፍ 11 የነበረው 10፣ ከዚያ 9 እየሆነ ይወርዳል። 58 ሲቀር ግን በጀርባውም ረድፍ መቀነስ ይጀምሩ፤ እዚያ 2ቱን አንድ ላይ ግልብጥ አድርገው ማስቀደም ነው፣ አለዚያ የመቀነሻው መስመር ይዛባል። 10 ሲቀር ክሩን 60 ሴንቲሜትር አስረዝመው ይቁረጡ፤ በዐይኖቹ ውስጥ አሳልፈው ጠበቅ አድርገው ይሳቡ፤ በዚያው ክር ወደ ታች ይስፉ።

የ52 ሴንቲሜትር ኮፍያ ከ54 እስከ 57 ላለ ራስ ይለጠጣል፤ ለአብዛኛዋ ሴት ይሆናል። የምትለብሰው ኮፍያ ካላት ዘርግተው ስፋቱን ይለኩና በሁለት ያባዙ። ሹሩባ የምትሠራ ከሆነ ግን 114 ዐይን ይጀምሩ፤ ከፍታውንም ከ15 ወደ 17 ሴንቲሜትር ያድርሱት። አናቱ ላይ ያን ጊዜ 11 በነበረበት 12 ብለው ይጀምራሉ፣ 66 ሲቀርም በጀርባው ረድፍ መቀነስ ይጀምራሉ። የተጎነጎነ ፀጉር ዙሪያውን ብቻ ሳይሆን ቁመቱንም ይጨምራል።

ጥያቄ፦ የሠራሁት ኮፍያ አናቱ እንደ እንቁላል ጫፍ ሾለ። ምን አጠፋሁ? (ከዳንግላ)

መልስ፦ ቅነሳዎ እስከ መጨረሻው በአንድ ረድፍ ዝላይ ሄዷል። ከመሐሉ በኋላ በየረድፉ ካልተቀነሰ ይሾላል፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ በየረድፉ ከተቀነሰ ደግሞ ይኮማተራል። እስከ 58ቱ ዐይን ፈትተው ከላይ እንዳልነው በየረድፉ ይቀንሱ።

ጥያቄ፦ እናቴ ለባና ብላ የፈተለችው የበግ ፀጉር ተርፏል። ለዚሁ ይሆናል? መርፌም አላገኘሁም። (ከሞጣ)

መልስ፦ ለጓንቱ ግሩም ነው፤ ትንሽ ቢረጥብም ሙቀት ይይዛል። ግንባር ላይ ግን ይኮሰኩሳል። የኮፍያውን ላስቲክ በሱቅ ክር ሠርተው ከላይ ያለውን በእናትዎ ፈትል ይቀጥሉ፤ የጓንቱን ላስቲክም በዚያው የሱቅ ክር ያድርጉት፣ ያኔ ሁለቱ አንድ ስብስብ ይመስላሉ። ፈትሉን አስቀድመው በሳሙናና ለብ ባለ ውኃ ዘፍዝፈው ቅባቱን ያስለቅቁ፤ አይሹት፣ ከሙቅ ወደ ቀዝቃዛ ውኃም አያሻግሩት፤ ይተሳሰርና ይሸማቀቃል። የእጅ ፈትል ቀጭንና ወፍራም ስለሚፈራረቅ ሙከራውን ረዘም አድርገው ሁለት ቦታ ይለኩ።

መርፌውን ከቀርከሃ ያሠሩ። የኢንጅባራ አካባቢ ቀርከሃ በስለት ተልጎ፣ በብርጭቆ ወረቀት ተለስልሶ፣ ደረቅ ጨርቅ ላይ ሲታሽ ዐይን አያንሸራትትም፤ ለጀማሪ ከብረት ይሻላል። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገው ሲለኩ 8 ሚሊሜትር ከሆኑ እያንዳንዱ 4 ነው። በብስክሌት ራጂ አይሥሩ፤ ውፍረቱ 2 ሚሊሜትር ገደማ ስለሆነ በዚህ ክር እንደ ካርቶን የደረቀ ጨርቅ ይወጣል።

ጥያቄ፦ አንዱ ጓንት ከሌላው ረዘመብኝ፤ በሜትር ለክቼ ነበር። (ከቡሬ)

መልስ፦ ሹራብ ሲለካ ይሳባል። ረድፍ ይቁጠሩ፤ በየ10ኛው ረድፍ ጠርዝ ላይ የሌላ ቀለም ክር ቁራጭ ያስሩ። የረዘመውን ከላይ ፈትተው በቁጥር ያስተካክሉት። አጭሩን ስበው ለማስረዘም ደግሞ ካውያ አያሳርፉበት፤ የሱቁ ክር አክሪሊክ ከሆነ ቅርጹን ለዘለቄታው ያጣል፣ ላስቲኩም ዳግም አይሰበሰብም።