ከቨርጂል እስከ ሚልተን፦ ስለ ላቲን ኤፒክ ግጥም ጥያቄና መልስ

መላሽ፦ ስለ ላቲን ኤፒክ፣ ማለትም ስለ ጥንታውያኑ ሮማውያን ረጅም የጀግንነት ትረካ ግጥም፣ ጥያቄ እንድቀበል በተጠየቅሁት መሠረት ዛሬ እስከ ማታ እመልሳለሁ። አስቀድሜ ሁለት ነገር ላሳስብ። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሁለተኛውና ዋናው፣ በላቲን ግጥም ውስጥ «ኢትዮጵያ» የሚል ስም ብታገኙ ወዲያው ዛሬ ካለችው አገራችን ጋር አታገናኙት። ስሙ ከግሪኮች የተወሰደ ሲሆን ከግብጽ በስተደቡብ ያለውን ምድር፣ አንዳንዴም እስከ ምዕራቡ ውቅያኖስ ዳርቻ የሚኖሩትን ጥቁር ሕዝቦች በጅምላ የሚጠራ ነው። ይህን ማሳሰቢያ ደጋግሜ እንደምናገረው ከወዲሁ ይሰማኛል።

አዲስ ተማሪ፦ መምህር፣ ከየት ልጀምር?

መላሽ፦ ከሮማዊው ገጣሚ ከቨርጂል «ኤኔይድ»፤ ከትሮይ ጥፋት ተርፎ የሮማውያን አባት ስለሚሆነው ስለ ኤኔያስ የሚተርክ ግጥም ነው። ከ12ቱ መጻሕፍት ደግሞ 2ኛውን፣ 4ኛውንና 6ኛውን ያስቀድሙ፤ ገጣሚው ራሱ ለአውግስጦስ ቄሳር መርጦ ያነበበለት እነዚህን እንደሆነ የጥንት ሕይወት ታሪኩ ይናገራል። የታሪኩን ማጠቃለያ አንብቦ ግጥሙን እንዳነበቡ መቁጠር ግን አይቻልም።

የታሪክ መምህር፦ «ኤኔይድ» የግሪኩ ገጣሚ የሆሜር ቅጂ ነው ይባላል። እውነት ነው?

መላሽ፦ ቅጂ አይደለም፣ ውድድር ነው። የመጀመሪያዎቹ ስድስት መጻሕፍት በባሕር የመንከራተትን ታሪክ ከ«ኦዲሴይ»፣ የኋለኞቹ ስድስት ደግሞ የጦርነቱን ታሪክ ከ«ኢሊያድ» ወስደዋል፤ ነገር ግን የተወሰደው በአደባባይ፣ አንባቢ እንዲያውቀው ተፈልጎ ነው። ነቃፊዎች ከሆሜር ሰረቅህ ባሉት ጊዜ ቨርጂል «እስቲ እናንተም ሞክሩት፤ ከሆሜር አንድ ስንኝ ከመስረቅ ከሄርኩለስ ላይ ዱላውን መንጠቅ ይቀላል» ብሎ መለሰ ይባላል።

ቅኔ ወዳድ፦ ይህ ከእኛ ሥርዓት ጋር አይሄድም። በቅኔ ቤት ሌላ ሰው ያለውን ቅኔ ደግሞ ማቅረብ ነውር ነው። ቅኔ ይዘረፋል እንጂ አይሰረቅም።

የጎንደር ልጅ፦ ተማሪው መጀመሪያ የመምህሩን ቅኔ እየሰማ፣ መንገዱን እየተከተለ አይደለም ወይ የሚማረው? ቨርጂልም ያደረገው ይህንኑ ነው።

ቅኔ ወዳድ፦ መንገድ መከተልና ስንኝ መውሰድ አንድ አይደሉም። ለመሆኑ እርስዎ የማን ቤት ተማሪ ነዎት? የዋሸራ ነው የጎንጅ?

የጎንደር ልጅ፦ እሱን ምን አመጣው? ዋሸራ ግን...

መላሽ፦ የዋሸራንና የጎንጅን ክርክር ለሌላ ቀን አቆዩልን። በቁም ነገሩ ግን ቅኔ ወዳድ ጥሩ ልዩነት አንስተዋል። ቅኔ ለዕለቱ ተነግሮ የሚያልፍ በመሆኑ አዲስነቱ ክብሩ ነው፤ ኤፒክ ግን አድማጩ የቀድሞውን ግጥም በቃሉ እንደሚያውቅ ተቆጥሮ የሚጻፍ ስለሆነ፣ የተወሰደው ስንኝ በአዲሱ ቦታው ምን ሌላ ትርጉም እንደያዘ መመርመር የንባቡ ዋና ሥራ ነው። ከዚህ በታች የምመልሰው ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው።

አዲስ ተማሪ፦ ሄክሳሜትር የሚባለውን ምጣኔ በቀላሉ ሊያስረዱን ይችላሉ?

መላሽ፦ በአማርኛ ግጥም የምንቆጥረው የቀለምን ብዛት ነው፤ የወል ቤት ስንኝ 6 በ6 ሆኖ 12 ቀለም ይይዛል። በላቲን የሚቆጠረው ግን የቀለሙ ክብደት ነው። «ተናገረ» ለማለት «አለ» ስንልና «ይገኛል» ለማለት «አለ» ስንል ልብ ይበሉ፤ በሁለተኛው «ለ» ይጠብቃል፣ የመጀመሪያው ቀለምም በተነባቢ ይዘጋል። እንዲህ የተዘጋ ወይም አናባቢው የተሳበ ቀለም ለሮማውያን ከባድ ነው፤ ሌላው ቀላል ነው። ሄክሳሜትር ስድስት እግር አለው፤ እያንዳንዱ እግር አንድ ከባድና ሁለት ቀላል፣ ወይም ሁለት ከባድ ቀለም ይይዛል፤ የመጨረሻው ግን ምንጊዜም ሁለት ቀለም ብቻ ነው። በዚህ የተነሳ አንድ ስንኝ በአብዛኛው ከ13 እስከ 17 ቀለም ይኖረዋል፤ ገጣሚው ሲፈልግ ያሮጠዋል፣ ሲፈልግ ያዘግመዋል። ምጣኔውን ከግሪክ ወደ ላቲን ኤፒክ ያስገባው ከቨርጂል በፊት የነበረው ገጣሚ ኤኒየስ ነው፤ ከእርሱ በፊት ሊቪየስ አንድሮኒከስ «ኦዲሴይ»ን የተረጎመው ሳተርኒያን በሚባለው አሮጌ ምጣኔ ነበር።

ዝምተኛ አንባቢ፦ ቨርጂል ስለ ኢትዮጵያ ምን ጽፏል?

መላሽ፦ ማሳሰቢያውን ያስታውሱ። በ1ኛው መጽሐፍ ትሮይን ሊረዳ የመጣው የኢትዮጵያውያን ንጉሥ፣ ጥቁሩ ሜምኖን፣ በካርቴጅ ቤተ መቅደስ ሥዕል ላይ ይታያል። በ4ኛው ደግሞ የኢትዮጵያውያን የመጨረሻ ምድር ፀሐይ በምትጠልቅበት፣ አትላስ ሰማይን በተሸከመበት በኩል ነው ተብሏል፤ ይህም ዛሬ ሞሮኮ ያለችበት አቅጣጫ ነው። ከአክሱምም ከላሊበላም ጋር የሚገናኝ አንዳች ነገር የለበትም።

የሮም ነዋሪ፦ እኔ ባለሁበት ከተማ ቨርጂል የገዥዎች አወዳሽ ተደርጎ ሲጠቀስ እሰማለሁ። በእርግጥ የአውግስጦስ አፈ ቀላጤ ነበር?

መላሽ፦ ይህ ለእኛ የመጻሕፍት ቤት ጥያቄ ብቻ አይደለም። በ6ኛው መጽሐፍ የኤኔያስ አባት አንኪሰስ በሙታን ዓለም ሆኖ ገና ያልተወለዱትን የሮም ጀግኖች ካሳየ በኋላ፣ ሮማዊ ሆይ ሕዝቦችን መግዛት ሙያህ መሆኑን አስብ፣ ለተሸነፉት ራራ፣ ትዕቢተኞችን በጦርነት አንበርክክ ይላል። በ1930 የፋሽስት ኢጣሊያ መንግሥት የቨርጂልን 2000ኛ የልደት በዓል ስንኞቹን በቴምብር ላይ እያተመ አከበረ፤ በግንቦት 1936 ደግሞ ሙሶሊኒ አገራችንን በወረራ መያዙን ሲያበስር የሮም ግዛተ ዐፄ በሮም ኮረብቶች ላይ ዳግመኛ እንደ ተገለጠ አወጀ።

ነገር ግን ግጥሙን እስከ መጨረሻው ያንብቡ። በ12ኛው መጽሐፍ መጨረሻ የኤኔያስ ጠላት ቱርኑስ ቆስሎ፣ በጉልበቱ ወድቆ፣ እጁን ዘርግቶ ምሕረት ይለምናል። ኤኔያስ ሊራራለት ያመነታል፤ ቱርኑስ የገደለውን የወዳጁን የፓላስን ቀበቶ በጠላቱ ትከሻ ላይ ሲያይ ግን በቁጣ ነድዶ ይገድለዋል፣ ግጥሙም የሟቹ ነፍስ እያቃሰተች ወደ ጥላዎች ዓለም ስትወርድ በዚያው ያበቃል። ድል የለም፣ ሠርግ የለም፣ የከተማ ምሥረታ የለም። «ለተሸነፉት ራራ» የተባለው የመጀመሪያው ሮማዊ ሊራራ አልቻለም። ይህን የጻፈ ሰው አፈ ቀላጤ ከነበረ፣ እጅግ ያልታዘዘ አፈ ቀላጤ ነበር።

የታሪክ መምህር፦ አልስማማም። ፓላስ የአደራ ልጅ ነው፤ አባቱ ደሙን እንዲመልስ ኤኔያስን አደራ ብሎታል። በዘመኑ ሥርዓት ደም መመለስ ግዴታ እንጂ ጥፋት አይደለም።

የሮም ነዋሪ፦ ግዴታ ከሆነ ለምን አመነታ?

የታሪክ መምህር፦ ስላመነታ ነው ሰው የሆነው። ይህ አውግስጦስን መንቀፍ አይደለም።

መላሽ፦ ሁለታችሁም የምትሉት በግጥሙ ውስጥ አለ፤ አደራውን ረስቼ አልነበረም። እኔ ከሮም ነዋሪ ጋር ነኝ።

አንድ አንባቢ፦ ስለ ላቲን ግጥም ተጽዕኖ በአጠቃላይ ቢያብራሩልን።

መላሽ፦ «በአጠቃላይ» የሚባል ጥያቄ አልመልስም። ገጣሚ ይጥቀሱልኝ።

ዝምተኛ አንባቢ፦ ሲሊየስ ኢታሊከስን ማንበብ ያስፈልጋል?

መላሽ፦ አያስፈልግም። የጻፈው ግጥም 17 መጽሐፍ ነው፤ ከደረሱን የላቲን ኤፒኮች በርዝመት የሚተካከለው የለም። የዘመኑ ሮማዊ ጸሐፊ ታናሹ ፕሊኒ ከተሰጥኦ ይልቅ በትጋት የሚጽፍ ሰው እንደነበር ተናግሮ ጨርሶታል።

ቅኔ ወዳድ፦ ሉካንስ?

መላሽ፦ እዚህ ላይ ታገሡኝ፤ የምወደው እርሱን ነው። ሉካን በ39 ዓ.ም. በኮርዶባ ተወልዶ፣ በኔሮን ላይ በተጠነሰሰ ሤራ ገብቷል ተብሎ በ65 ዓ.ም. በ25 ዓመቱ ራሱን እንዲገድል ተገደደ። የጻፈው ስለ ዩልዮስ ቄሳርና ስለ ፖምፔይ የእርስ በርስ ጦርነት ነው፤ አማልክት እንደ ሆሜር ወይም እንደ ቨርጂል ወርደው በሰው ሥራ አይገቡም፤ ጥፋቱ ሁሉ የሰው ነው። በ10ኛው መጽሐፍ ቄሳር በክሊዮፓትራ ግብዣ ላይ ተቀምጦ አኮሬየስ የተባለውን የግብጽ ካህን ስለ አባይ ወንዝ ምንጭ ይጠይቀዋል፤ ምንጩን ለማየት ተስፋው እርግጥ ቢሆንልኝ የእርስ በርሱን ጦርነት እተወው ነበር ይላል። ካህኑ ከመቶ በሚበልጡ ስንኞች ይመልስለታል፤ የወንዙ ሙላት ከኢትዮጵያውያን በረዶ የሚመጣ ነው የሚለውን የቀድሞ ሰዎች እምነት ከንቱ ነው ብሎ ያፈርሳል፣ ከዚያም ምንጩን ሲሹ የከሸፉትን ነገሥታት ይዘረዝራል። ታላቁ እስክንድር የተመረጡ ሰዎችን እስከ ኢትዮጵያ ዳርቻ ልኮ ነበር፤ የሐሩሩ ምድር አገዳቸው።

ይህ የጉራ ጌጥ አይደለም። የሉካን አጎት ሴኔካ፣ ኔሮን ራሱ የአባይን ምንጭ እንዲፈልጉ ሁለት የመቶ አለቆች ልኮ፣ በአካባቢው ንጉሥ እርዳታ ተጉዘው መውጫው የማይታወቅ ረግረግ እንዳጋጠማቸው ጽፏል። እንግዲህ ሉካን ምንጩን የሚመኝ አምባገነን ሲሥል ምንጩን የሚመኝ ሌላ አምባገነን ዙፋን ላይ ነበር ማለት ነው። አደራ፣ ያ «የኢትዮጵያ» ንጉሥ ዛሬ ሱዳን ባለው ምድር የነበረችው የሜሮዌ እንጂ የአክሱም አይደለም።

የጎንደር ልጅ፦ ታዲያ የእኛዋ ኢትዮጵያ መቼ ነው በዚህ ሐረግ ውስጥ የምትገባው?

መላሽ፦ በዚህ መልኩ ስለጠየቁ አመሰግናለሁ። የምትገባው ከ15 ክፍለ ዘመን በላይ ዘግይታ፣ በላቲን ገጣሚዎች ወራሾች በኩል ነው። «የተናደደው ኦርላንዶ» በተባለው፣ በ1532 የመጨረሻ መልኩን በያዘው የኢጣሊያዊው የአሪዮስቶ ግጥም፣ ሴናፖ የተባለው የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት በትዕቢቱ ዓይኑ ጠፍቶ፣ ሃርፒዎች የሚባሉ ባለ ክንፍ ጭራቆች ማዕዱን እያረከሱበት ይኖራል። ዕውሩ ንጉሥ ከግሪኮቹ ተረት መርከበኞች ከአርጎናውት ታሪክ፣ ሃርፒዎቹ ደግሞ ከ«ኤኔይድ» 3ኛ መጽሐፍም ጭምር የመጡ ናቸው። በ1581 በታተመው የሌላው ኢጣሊያዊ የታሶ ግጥም ደግሞ ጦረኛዋ ክሎሪንዳ የዚሁ ሴናፖ ልጅ ናት። እናቷ በክፍሏ ያለውን የቅዱስ ጊዮርጊስን ሥዕል ስትመለከት ፀንሳ ነጭ ልጅ ወለደች፤ ከባሏ ቅናት ፈርታም ለጃንደረባ ሰጠቻት፤ ጃንደረባው ሕፃኗን ይዞ ሲሸሽ ከወራጅ ወንዝ ይደርሳል። ይህ ወንዝ ከወዴት የመጣ ይመስላችኋል? በ«ኤኔይድ» 11ኛ መጽሐፍ የጦረኛዋ የካሚላ አባት ሕፃን ልጁን በጦር ላይ አስሮ በአማሴኑስ ወንዝ ማዶ ይወረውራታል።

ካሞይንሽም በ1572 ባሳተመው የፖርቱጋል ኤፒክ የቨርጂልን የመጀመሪያ ስንኝ አስተጋብቶ ከጀመረ በኋላ፣ በ10ኛው ክፍል ለቫስኮ ዳ ጋማ ልጁ ክሪስቶቫው በኢትዮጵያ ምድር እንደሚዋጋና እንደሚሞት ያስተነብያል። ይህ ግራኝ አሕመድን ሲወጋ ተማርኮ በ1542 የተገደለው ነው። የሞተው ከግጥሙ መታተም 30 ዓመት ቀድሞ ሳለ በትንቢት መልክ መነገሩ የአንኪሰስ ብልሃት ነው።

አንድ አንባቢ፦ ስለዚህ ክሎሪንዳ የኢትዮጵያ ልዕልት ነበረች ማለት ነው?

መላሽ፦ ክሎሪንዳ አልነበረችም። ግጥም ነው። እባካችሁ ከላይ ያለውን አንብቡ።

አዲስ ተማሪ፦ ሚልተን በርዕሱ ተጠቅሷል፤ እስካሁን ግን አልተነሳም።

መላሽ፦ ትክክል ነዎት። የእንግሊዛዊው ሚልተን «የጠፋችው ገነት» በ1667 በ10 መጽሐፍ ወጥታ፣ በ1674 ያለ ብዙ ጭማሪ ወደ 12 ተከፈለች፤ ቁጥሩ የ«ኤኔይድ» ነው። በ4ኛው መጽሐፍ ኤደንን ከሌሎች ውብ ቦታዎች ሲያወዳድር የሐበሻ ነገሥታት ልጆቻቸውን የሚያስጠብቁበትን «አማራ» የተባለ ተራራ ይጠራል፤ ይህ ስለ አምባ ግሸን አውሮፓ የደረሰው ወሬ ነው። በ11ኛው ደግሞ አዳም ከተራራ ላይ ከሚያያቸው መንግሥታት መካከል የ«ነጉሥ» ግዛት እስከ ሕርጊጎ ወደብ ድረስ ተዘርግቶ ይታየዋል። አዳም የወደፊቱን ዘመን ከከፍታ ላይ ሆኖ ማየቱ እንደገና አንኪሰስ ነው። እዚህ ላይ ማሳሰቢያዬን አነሳለሁ፤ የሚልተን ሐበሻ እኛ ነን።

ዝምተኛ አንባቢ፦ የግዕዙ «ዜና እስክንድር» ከላቲን ኤፒክ ጋር ይገናኛል?

መላሽ፦ በዐረብኛ በኩል የመጣ ዝርው ነው። የዛሬው ርዕስ አይደለም።

የሮም ነዋሪ፦ የመጨረሻ ጥያቄ፤ ቨርጂል ግጥሙ እንዲቃጠል የፈለገው ለምንድን ነው?

መላሽ፦ ስላልጨረሰው። ከ10 ዓመት በላይ ሠርቶበት በ19 ቅ.ል.ክ. በብሩንዲዚየም ሲሞት ከ50 የሚበልጡ ስንኞች ግማሽ ሆነው ቀርተው ነበር፤ አውግስጦስ ግን እንዲታተም አዘዘ። አብዛኞቹ ግማሾች በሐሳብ ሙሉ ናቸው። በ3ኛው መጽሐፍ ያለው አንዱ ግን አይደለም፦ የትሮዩ ጀግና የሄክተር ሚስት የነበረችው አንድሮማኬ ኤኔያስን በስደት አግኝታው ስለ ልጁ ስትጠይቅ «እርሱን በትሮይ ሳለህ ለአንተ...» ትላለች፣ ስንኙም እዚያ ይቆረጣል። የኋላ ዘመን ገልባጮች ሊሞሉት ሞክረዋል፤ የጥያቄዋን ቀሪ ግን ቨርጂል ይዞት ሄዷል።