ለልጅ የእንግሊዝኛ ቃል እንዴት እንፍታ?

እህቴ፣ ጥያቄሽን አይቼዋለሁ። የሦስተኛ ክፍል ልጅሽ የመዝገበ ቃላቱን ፍቺ በቃሉ ይወጣዋል፤ ቃሉን ተጠቀምበት ሲባል ግን ዝም ይላል። "ራሴ እንዴት አቅልዬ ልጻፍለት?" ነው ያልሽው። ትንንሽ ልጆችን እንግሊዝኛ ሳስተምር ቆይቻለሁና የማደርገውን ልንገርሽ።

ጥፋቱ የልጁ አይደለም። ለአዋቂ የተጻፈ መዝገበ ቃላት ቀላሉን ቃል በከባድ ቃል ይፈታል። "ዋተር"ን (ውሃን) ስትፈልጊ "ሊክዊድ" (ፈሳሽ) የሚል ይመጣል። ዋተርን ያላወቀ ልጅ ሊክዊድን ከየት ያምጣ? ችግሩ ድሮም የታወቀ ነው። እንግሊዛዊው የቋንቋ መምህር ማይክል ዌስት እ.ኤ.አ. በ1935 ለተማሪዎች ባወጣው መዝገበ ቃላት ለፍቺ የተጠቀመው 1,490 ቃላትን ብቻ ነበር። በ1978 የወጣው የሎንግማን መዝገበ ቃላትም በ2,000 ገደማ ቃላት ነው የሚፈታው። አንቺም እንደዚያው አድርጊ። ፍቺው ውስጥ ልጁ የማያውቀው ቃል ካለ ሰርዢና እንደገና ጻፊው።

ለግስ ደግሞ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይሻላል። በ1987 የወጣው ኮቢልድ የተባለው የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ይህን መንገድ ተከትሏል። ለምሳሌ "ቦሮው"ን (መዋስን) እንዲህ እጽፈዋለሁ፦ "ኢፍ ዩ ቦሮው ኤ ፔን፣ ዩ ዩዝ ኢት ኤንድ ጊቭ ኢት ባክ።" ማን፣ ምን፣ ከዚያስ የሚለው ሁሉ አለበት። በዚያው ቀን ግን "ሌንድ"ን (ማዋስን) እንዳታነሺ! ሁለቱን አብረሽ ካስተማርሽው ለወራት ያምታታቸዋል። መጀመሪያ አንዱ ይጽናለት።

"ገባህ?" ብለሽም አትጠይቂው። ገብቶኛል ማለቱ አይቀርም። ይልቅ "በራስህ ገንዘብ የገዛኸውን ኳስ ቦሮው አደረግሁት ትላለህ?" በይው። "እሺ፣ የጓደኛህን እስክሪብቶ ወስደህ ባትመልስስ?" እዚህ ላይ ክርክር ይነሳል፤ እኔ በጣም የምወደው ሰዓት ይሄ ነው። እንደ "ብሬቭ" (ደፋር) ባሉ ቃላት ደግሞ ይብሳል። ምንም የማይፈራ ልጅ ብሬቭ ነው ወይስ እየፈራ የሚያደርገው? ልጆች ከኛ የተሻለ ይመልሳሉ።

ማንኪያ፣ ወንበር፣ በር ለመሳሰሉት ፍቺ መጻፍ ጊዜ ማባከን ነው፤ አሳዪው በቃ። ብቻ አንድ ዓይነት ወንበር አታሳዪው፤ "ቼር" ማለት ያ ብቻ ይመስለዋል። "ዘ" እና "ኦፍ"ን ጭራሽ አትፍቺ። እነሱን እያነበበ ይለምዳቸዋል። አንዳንዶች አማርኛ በፍጹም አይግባ ይላሉ፤ እኔ አልስማማም። አንድ የአማርኛ ቃል አሥር ደቂቃ የሚያድን ከሆነ ለምን ይቀራል?

መዝገበ ቃላት ልትገዢ ከሆነ ለርነርስ ዲክሽነሪ የሚባለውን፣ ለቋንቋው ተማሪዎች የተዘጋጀውን ዓይነት ፈልጊ። ከመክፈልሽ በፊት ግን ልጁ አሳምሮ የሚያውቀውን አንድ ቃል አውጪና ፍቺውን አስነብቢው። የሚያውቀው ቃል ፍቺ ካልገባው የማያውቀውማ እንዴት ሊገባው? መልሰሽ አስቀምጪው።