ለኢሜይል መልስ ሲሰጥ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦ አዲስ አበባ ያለ መሥሪያ ቤት ሰነድ ጠየቀኝ። ማሰባሰቡ ሦስት ቀን ይፈጃል። እስከዚያ ዝም ብል ነውር ነው?

መልስ፦ ነውሩ ይቅርና ሥራ ያበዛብሃል። መልስ ያጣ ሰው አልደረሰም ብሎ ደግሞ ይልካል፣ ካልሆነም ይደውላል። በዚያው ቀን፣ ቢዘገይ በማግስቱ፣ ሁለት መስመር ጻፍ፦ «ኢሜይልዎ ደርሶኛል። ሰነዱን ሐሙስ እስከ ቀኑ 10 ሰዓት እልካለሁ።» «በቅርቡ» አትበል፤ ቀን ቁረጥ። ተቀባዩ ውጭ አገር ከሆነ 16:00 ብለህ የምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት መሆኑን ጨምርበት።

ጥያቄ (ከሸዋ ሮቢት)፦ የላከልኝ ሰው ስም ደስታ ይላል። ወንድ ይሁን ሴት አላውቅም። ምን ብዬ ልጀምር?

መልስ፦ «እርስዎ» ፆታ አይጠይቅም፤ ከዚያ አትውጪ። አቶም ወይዘሮም ሳትዪ «ጤና ይስጥልኝ» ብለሽ ስሙን ከነአባት ስም ጻፊ። ማዕረግ ከታወቀ ከራሱ ስም ጋር ነው የሚሄደው፤ ዶ/ር ብሎ የአባት ስም መጥራት የፈረንጅ ልማድ ነው። የሚበላሸው መሀል ላይ ነው። «እንደላኩልኝ» ብሎ የጀመረ ሰው ሦስተኛው መስመር ላይ «አረጋግጥልኝ» ይላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከሌላ ደብዳቤ ገልብጦ ሲለጥፍ የሚመጣ ነው። ከመላክሽ በፊት ግሦቹን ብቻ ለይተሽ አንዴ እዪያቸው።

ጥያቄ (ከመሐል ሜዳ)፦ አራት ነገር ተጠይቄ አንዱን ብቻ መለስክ ተብዬ ተወቀስኩ።

መልስ፦ ጥያቄዎቹን ገልብጠህ በቁጥር ደርድር፣ መልሱን ከየጥያቄው ሥር አስገባ። የማታውቀውንም አትዝለለው፤ «ይህን አጣርቼ ሰኞ እመልሳለሁ» በለው። ርዕሱ እንዳለ ይቆይ። ሌላ ጉዳይ ካለህ አዲስ ኢሜይል ክፈት።

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦ ሪፕላይ ኦል (ለሁሉም መመለስ) መቼ ነው የሚባለው?

መልስ፦ መልሱ የሌሎቹንም ሥራ ሲነካ። «አመሰግናለሁ» ለሃያ ሰው አይላክም። አለቃ ሲሲ (ግልባጭ) ውስጥ ካሉ ግን አታውጣቸው፣ የተደበቀ ነገር ያለ ይመስላል። በቢሲሲ (ሌሎቹ በማያዩት ስውር ግልባጭ) ለደረሰህ ኢሜይል ሪፕላይ ኦል ብትል ደግሞ በስውር የላከልህን ሰው ታጋልጠዋለህ።

ጥያቄ (ከአንኮበር)፦ ፋይሉን ልኬ አልደረሰም እባላለሁ።

መልስ፦ ጂሜይል ላይ ሪፕላይ ስትዪ ቀድሞ የተያያዘው ፋይል አብሮ አይሄድም፤ ፎርዋርድ ስትዪ (ለሌላ ስታስተላልፊ) ግን ይሄዳል። ከ25 ሜጋባይት ካለፈ በጎግል ድራይቭ ሊንክ ይላካል፣ ፈቃድ ካልሰጠሽው ተቀባዩ አይከፍተውም። ኔትዎርክ ሲቆራረጥም አውትቦክስ (ገና ያልሄዱት ሳጥን) ውስጥ ይቀራል፤ ሴንት (የተላኩት ሳጥን) ውስጥ መግባቱን ሳታዪ «ልኬያለሁ» አትበዪ። ፋይሉ መጀመሪያ ይግባ፣ ጽሑፉ ይከተል። ሪፕላይ አድራሻውን ቀድሞ ስለሚሞላው አጥፊውና መጨረሻ ላይ መልሺው። በኮምፒውተር የጂሜይል ሴቲንግ ውስጥ ገብተሽ መላክን መሰረዣውን ከ5 ሴኮንድ ወደ 30 ብታሳድጊው፣ ፋይል መርሳትሽ ትዝ ሲልሽ ለመመለስ ጊዜ ይኖርሻል።