መልስ፦ የባቲያቶን «ፍለር» ከየትኛው ልጀምር?

ጣሊያናዊው ድምፃዊ ፍራንኮ ባቲያቶ በአብዛኛው የሌሎችን ዘፈኖች ከሚያዜምባቸው ሦስቱ የ«ፍለር» አልበሞች ከየትኛው መጀመር እንደሚሻል፣ «ፍለር 3» ከ«ፍለር 2» ቀድሞ መውጣቱም እውነት እንደሆነ ለጠየቁን፦ ቅደም ተከተሉ እንዳሉት ነው፤ ሦስተኛው እ.ኤ.አ. በ2002፣ ሁለተኛው ግን በ2008 ወጣ። በእኔ አስተያየት መጀመር የሚገባዎት በ1999 ከታተመው ከመጀመሪያው ነው።

ሲሲሊያዊው ድምፃዊ በዚህ አልበም የፋብሪዚዮ ዴ አንድሬንና የሰርጂዮ ኤንድሪጎን የጣሊያንኛ ዘፈኖች፣ የዣክ ብሬልን የፈረንሳይኛ ሥራ፣ «ኤራ ደ ማጆ» የተባለውን የ19ኛው ክፍለ ዘመን የናፖሊ ዜማ፣ ሌላው ቀርቶ የእንግሊዙን የሮክ ባንድ የሮሊንግ ስቶንስን «ሩቢ ቱስዴይ» ሳይቀር፣ በአብዛኛው በፒያኖና በባለ አውታር መሣሪያዎች ብቻ ታጅቦ፣ ሁሉም ለአንድ ሰው የተደረሱ እስኪመስሉ ድረስ በዝግታ ያዜማቸዋል። በ1980ዎቹ ኤሌክትሮኒክ ሥራዎቹ የሚያውቁት ከሆነ፣ ይህ እርጋታ መጀመሪያ ላይ ግር ሊያሰኝዎት ይችላል (እኔንም ግር ብሎኝ ነበር)። ድምፁ ጉልበት የለውም የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን የአልበሙ ውበት ዘፋኙ ከዘፈኑ በላይ ለመታየት አለመሞከሩ ላይ ነው እላለሁ። ከፈላስፋው ማንሊዮ ስጋላምብሮ ጋር የሠራቸው ሁለት አዳዲስ ዘፈኖችም ስላሉበት፣ እስከ መጨረሻው ሳያዳምጡ አያቋርጡት።